ያገለገለ ቡሌት ሊገዙ ነው? መጀመሪያ ሞተሩን ይለዩ

ሮያል ኢንፊልድ ቡሌት የተባለው ሞተር ሳይክል እ.ኤ.አ. በ1955 ሕንድ፣ ማድራስ ውስጥ መገጣጠም ከጀመረ ወዲህ መልኩ ብዙም አልተለወጠም፤ ሞተሩ ግን ተለውጧል። አዲሶቹ ሞተሮች ከአሮጌው ይልቅ አስተማማኝ ናቸው። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ የሚበላሽበት ቦታ የተለያየ ነው፤ ገዢው የሚፈትሸውም እንደዚያው ሊለያይ ይገባል።

ጎንበስ ብለው ይዩ። ካምቢዮው ከሞተሩ ተለይቶ በቡሎን የተያያዘ ከሆነ አሮጌው ነው፤ ሲሊንደሩም በአብዛኛው ብረት ነው። ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ከሆኑ እ.ኤ.አ. ከ2008–2009 ጀምሮ የወጣው ሁለተኛው ሞተር ወይም ከዚያ በኋላ የመጣው ሦስተኛው ነው።

አሮጌውን የሚጎዳው በአብዛኛው የማስተካከል ስህተት ነው። ቫልቭ ለማስተካከል ሞተሩ ፍጹም ቀዝቃዛ ይሁን። ካንዴላውን ይፍቱ፣ ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ፒስተኑ ጫፍ እስኪደርስ በመርገጫው ቀስ እያሉ ያዙሩ፣ ከሲሊንደሩ በስተቀኝ ያለውን ትንሽ ክዳን ይክፈቱ። የቫልቭ መግፊያ ዘንጉን በሁለት ጣት ይዘው ያሽከርክሩት፦ ያለ ትግል መዞር አለበት፣ ወደላይና ወደታች ግን መንቀጥቀጥ የለበትም። ከጠበቀ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፤ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ይቃጠልና ሞተሩ ጉልበት ያጣል። ከላላ ይንኳኳል። የማስተካከያውን ዳዶ ካጠበቁ በኋላ ደግመው ያሽከርክሩት፤ ሲጠብቅ ልኩን ይለውጠዋል። የፑንቲናው (የካንዴላውን ብልጭታ የሚያስነሳው ከፋችና ዘጊ መገናኛ) ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዘይት ላይ ነው። ይህ ሞተር ሳምንት ከቆመ ዘይቱ ከማጠራቀሚያው በፓምፑ በኩል እየሾለከ ወደ ኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ቤት ይወርዳል። መለኪያው ባዶ ያሳያል፤ ባለቤቱ ይጨምራል፤ ሞተሩ ሲነሳ ትርፉ በመተንፈሻው ይተፋል፣ ጭስም ይበዛል። ጥቂት ደቂቃ ነድተው፣ አጥፍተው፣ ወዲያው ይለኩ።

በሁለተኛው ሞተር ቫልቭ ማስተካከል የለም፤ ዘይት ራሱ ክፍተቱን ይሞላል። በቀዝቃዛው ለጥቂት ሰከንድ ቢንኳኳ ችግር የለውም። ከሞቀም በኋላ ካላቆመ ዘይቱ ጎድሏል ወይም አርጅቷል ማለት ነው። ፑንቲናም የለውም። ደካማ ጎኑ የሞተሪኖው አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞረው ክላች ነው። ባትሪው ሲደክም ሞተሪኖው ፒስተኑን ማሻገር ያቅተዋል፣ ሞተሩ ወደኋላ ይመታል፣ ያ ክላች ይሰበራል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ሞተሪኖው ሲጮህ ይሰማል፣ ሞተሩ አይዞርም። ለመጠገን የግራውን ክዳን መክፈት ግድ ነው፤ ሥራው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሲገዙ ቮልት መለኪያ ይያዙ። ሞተር ሳይክሉ ቆሞ 12.5 ቮልት ወይም በላይ፣ ሞተሪኖው ሲያዞር ከ10 በታች ያልወረደ፣ ሞተሩ ከፍ ብሎ ሲሠራ ወደ 14 የሚጠጋ መሆን አለበት። ባትሪው ደክሞ ከሆነ ቁልፉን እየደጋገሙ አይጫኑ፤ መርገጫ ካለው በእግር ያስነሱ።

ሦስተኛው፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 በሌላው የሮያል ኢንፊልድ ሞዴል በሜቴዎር 350 የጀመረውና በ2023 ወደ ቡሌት የገባው 349 ሲሲ ሞተር፣ ንዝረት የሚያረጋጋ ዘንግ አለው። ረጅም መንገድ ላይ ቡሎኖች የሚላሉት በንዝረት ስለሆነ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። በአንጻሩ ቫልቭ ማስተካከል በዊንታ ተመልሷል፤ የቀድሞው ባለቤት ሰርቪሱን አዘውትሮ እንዳስደረገ ይጠይቁ።

ከፍታ ቦታ የሚነዳ ሰው፣ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና፣ ነዳጅ አመጣጠኑን ያስብበት። በኮምፒውተር ነዳጅ የሚረጨው ሞተር የአየሩን ግፊት አውቆ ራሱ ይቀንሳል። ካርቡራቶሪ ግን አያውቅም፦ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው በጥቁር ጥላሸት ይሸፈናል፣ ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጥ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) ይንገዳገዳል። በካርቡራቶሪው ውስጥ ነዳጅ የሚመጥነውን መርፌ ማያያዣ አንድ ጥርስ ወደላይ ያውጡ፣ መርፌው ዝቅ ይላል፤ ካልበቃ ዋናውን የነዳጅ ቀዳዳ አንድ ቁጥር አነስ ያለ ይግጠሙ፣ ከዚያ ነድተው ካንዴላውን ደግመው ይዩ። ቡናማ መሆን አለበት።