ቤቱ ተሸጠ፣ አዲሱ ባለቤት ኪራይ ጨመረ፤ ኦንታሪዮ ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ?

ይህን የምጽፈው አንዱን ጥያቄ መመለስ ስለታከተኝ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ በአንድ መልክ ይመጣል፦ «የምንኖርበት ቤት ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት ከሚመጣው ወር ጀምሮ አምስት መቶ ዶላር ጨምሩ፣ ካልሆነ ልቀቁ አለን። ምን ይሻላል?» መጠየቁስ ባልከፋ። የሚያናድደኝ ብዙዎቹ የሚጠይቁኝ ጭማሪውን መክፈል ከጀመሩ ወይም ያልገባቸውን ወረቀት ከፈረሙ በኋላ መሆኑ ነው።

የምናገረው ስለ ካናዳዋ ክፍለ ሀገር ኦንታሪዮ ብቻ ነው። ካልጋሪ ያለው ዘመዳችሁ በስልክ የሚሰጣችሁን ምክር ለራሱ ተዉለት፤ አልበርታ ውስጥ የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ የለውም፣ እዚህ አለው።

ቤት ሲሸጥ ውል አይፈርስም። ገዢው በሻጩ እግር ተተክቶ ውላችሁን ከነኪራዩ ይረከባል። ስትገቡ ያስያዛችሁት የመጨረሻ ወር ኪራይም ወደ እርሱ ይዞራል፤ «እኔ አልተቀበልኩም» ካለ ከሻጩ ጋር ይነጋገር። አዲስ ውል እንፈራረም ቢላችሁ እሺ የማለት ግዴታ የለባችሁም። የአንድ ዓመቱ ውል ቢያልቅ እንኳ ኪራዩ በነበረበት ሁኔታ ከወር ወር ይቀጥላል፤ «ውላችሁ አብቅቷል» የሚለው ማስፈራሪያ ባዶ ነው።

ጭማሪውን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። ኪራይ የሚጨመረው በ12 ወር አንድ ጊዜ ነው፤ ቢያንስ ከ90 ቀን በፊት፣ በጽሑፍ፣ ኤን-1 በሚባለው ቅጽ ማሳወቅ ግድ ነው። መጠኑን ደግሞ መንግሥት በየዓመቱ ይወስናል፤ በሕግ ከ2.5 በመቶ መብለጥ አይችልም። ለ2025 ያው 2.5 በመቶ ነበር፤ ለ2026 ደግሞ 2.1 በመቶ ነው። 1,800 ዶላር የምትከፍሉ ከሆነ በ2026 ሊጨመርባችሁ የሚችለው 38 ዶላር አይሞላም። ከዚያ በላይ የሚፈልግ አከራይ የአከራይና የተከራይን ክርክር ለሚዳኘው የአከራይና ተከራይ ቦርድ አመልክቶ፣ ምክንያቱን አስረድቶ ማስፈቀድ አለበት። ደረጃ ላይ አቁሞ የነገራችሁ ወይም በስልክ መልእክት የላከላችሁ ቁጥር ማስታወቂያ አይባልም።

ሕግ ጠቅሳችሁ ከመጋፈጣችሁ በፊት ግን ሁለት ነገር አጣሩ። የምትኖሩበት ቤት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ የገባበት ከኖቬምበር 15 ቀን 2018 በኋላ ከሆነ (ሁሉም ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ጣሪያው አይመለከታችሁም፤ የ90 ቀኑና የ12 ወሩ ደንብ ግን ይሠራል። ገና ቀለሙ ያልደረቀ ፎቅ ላይ ተቀምጦ «2.5 በመቶ ብቻ!» እያለ ከአከራዩ ጋር ተጣልቶ የሚደውልልኝ ሰው ትዕግሥቴን ይጨርሰዋል። ሁለተኛው፣ ወጥ ቤት ወይም መታጠቢያ ቤት ከባለቤቱ ጋር የምትጋሩ ከሆነ ይህ ሕግ ከነጭራሹ አይሸፍናችሁም። አዲስ መጪዎቻችን አብዛኞቹ አንድ ክፍል ተከራይተው ስለሚጀምሩ ይህን ሳያውቁ መተማመን አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ወጥመዱ ልምጣ፤ እኔን የበላኝ እርሱ ነው። አዲሱ ባለቤት ትሑት ሰው ነበር። በር አንኳኩቶ፣ ጫማውን አውልቆ ገባ፤ የባንክ ወለድ እንደናረ፣ የቤት ግብር እንደከበደው አጫወተኝና ሦስት መቶ ዶላር እንድጨምርለት ለመነኝ። ቅጽ የለም፣ ቀነ ገደብ የለም። እኔም ይሉኝታ ይዞኝ እሺ አልኩ። ሕገ ወጥ መሆኑን ቆይቼ ሰማሁ፤ ቢሆንም ሕገ ወጥ ነገር ምንጊዜም ሕገ ወጥ ነው፣ ሲመቸኝ አስመልሰዋለሁ ብዬ ተዝናናሁ። ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥ የሕግ ክሊኒክ ስሄድ ጠበቃዋ ስለ አከራዩ ጠባይም ሆነ ስለ ወለዱ አልጠየቀችኝም። «ጭማሪውን መጀመሪያ የከፈልከው መቼ ነው?» ብላ የባንክ መግለጫዬን ተቀበለችኝ፤ በእርሳስ ጫፍ ወሮቹን ከታች ወደ ላይ ቆጠረችና ወረቀቱን መለሰችልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያለ ማስታወቂያ የተደረገ ጭማሪ ዋጋ የለውም፤ ተከራዩ 12 ወር በተከታታይ ከከፈለው ግን ይጸናል። በአንድ ዓመት ውስጥ ቦርዱ ዘንድ ያልተከራከራችሁበት ኪራይ እንደ ሕጋዊ ኪራይ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ አስመልሱልኝ ብትሉ የሚሰማችሁ የለም፤ ይባስ ብሎ የሚቀጥሉት ዓመታት መቶኛ የሚሰላው ባበጠው ኪራይ ላይ ነው። ስለዚህ ጭማሪውን መክፈል ከጀመራችሁ ዛሬውኑ ወሮቹን ቁጠሩ። ዓመት ካልሞላ ቲ-1 በሚባለው ማመልከቻ የከፈላችሁትን ትርፍ ማስመለስ ትችላላችሁ። ክፍያ አለው፤ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል። ቦርዱ ቀጠሮ እስኪሰጣችሁ ድረስ ወራት ይፈጃል፤ ስለ ቀርፋፋነቱ ብጀምር ይህ ጽሑፍ አያልቅም። ዋናው ግን ማመልከቻው ዓመቱ ሳይሞላ መግባቱ ነው።

ገና ያልከፈላችሁ አጭር ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ላኩ፦ ኪራዬ 1,800 ዶላር ነው፤ ሕጉ የሚፈቅደው ጭማሪ በትክክለኛው ቅጽ ሲደርሰኝ፣ ጊዜው ሲደርስ እከፍላለሁ። ስድብም ልመናም አትጨምሩበት። ከዚያ የድሮውን ኪራይ በወሩ መጀመሪያ ቀን ሳታጓድሉ ክፈሉ። ተናድዶ ኪራዩን ሙሉ በሙሉ የሚያቆም ሰው አከራዩ ሲመኘው የነበረውን የማስወጫ ምክንያት በእጁ ያስረክበዋል። ክፍያው በባንክ ይሁን። ጥሬ ገንዘብ በፖስታ አሽጎ መስጠት ክብር የሚመስላቸው አሉ፤ ቦርዱ ፊት ፖስታው አይመሰክርም። ባለቤቱ መቀየሩንም በጽሑፍ ሳታረጋግጡ፣ «ገዢው እኔ ነኝ» ላለ ሁሉ ገንዘብ አታስተላልፉ።

እምቢ ስትሉ ሁለት ወረቀት ሊመጣ ይችላል። ኤን-11 በስምምነት ለመልቀቅ የሚፈረም ነው፤ «ተራ ፎርማሊቲ ነው» ቢሏችሁም አትፈርሙት። ኤን-12 ደግሞ ገዢው ወይም የቅርብ ቤተሰቡ ሊኖርበት ሲፈልግ የሚሰጥ ነው። ቢያንስ 60 ቀን ይሰጣል፤ የጊዜ ገደብ ያለው ውል ካላችሁ ከማለቁ በፊት አያስወጣችሁም። ማስታወቂያ ደግሞ ትእዛዝ አይደለም፦ እንድትወጡ ማዘዝ የሚችለው ቦርዱ፣ ማስፈጸም የሚችለውም ሸሪፉ (የፍርድ ቤቱ አስፈጻሚ መኮንን) ብቻ ነው። ቁልፍ የሚቀይር አከራይ ሕግ ጥሷል። «ልጄ ሊገባበት ነው» ተብላችሁ ከወጣችሁ በኋላ ቤቱን በላቀ ዋጋ ለኪራይ ወጥቶ ካያችሁት ማስታወቂያውን ፎቶ አንሡ፤ ከወጣችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ በሐሰት ምክንያት አስወጡኝ የሚባልበትን ማመልከቻ፣ ቲ-5ን፣ ቦርዱ ዘንድ ማስገባት ትችላላችሁ።

አከራዩ የሀገር ልጅ ሲሆን ሽማግሌ መላክ የሚወዱ አሉ። ላኩ፣ አልቃወምም፤ ነገር ግን ሽማግሌ ሲመላለስ ዓመቱ እንዳይሞላባችሁ። ደግሞ «ቦርድ ውስጥ ሰው አለኝ» ለሚል ደላላ አምስት ሳንቲም አትስጡ። የማኅበረሰብ የሕግ ክሊኒኮች ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች በነጻ ይሠራሉ። በአካባቢ የተከፋፈሉ ስለሆኑ የራሳችሁን ለማወቅ ወደ መረጃ መስጫው ስልክ 211 ደውሉ። ስትሄዱ ውሉን፣ የባንክ መግለጫውንና አከራዩ የላከውን መልእክት ሁሉ ያዙ። አስተርጓሚም ቀድማችሁ ጠይቁ፤ የአሥር ዓመት ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ ሕግ አስተርጉም አትበሉት።