ለቀበሌ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ፣ መልስ እስኪገኝ ድረስ

ሀዋሳ ዝናብ ሲጀምር ሰፈራችን የሚያወራው ስለ አንድ ነገር ነበር፤ ክዳኑ ስለተሰበረው የጎርፍ ቦይ። ቡና ላይ ይወራል፣ ለቅሶ ቤት ይወራል፣ ባጃጅ ውስጥ ይወራል። ሁለት ክረምት እንዲሁ አለፈ። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ የጎረቤታችን ልጅ ገባችበትና ጉልበቷ ተሰፋ። በማግስቱ ማመልከቻ ጻፍን።

መጀመሪያ ይህን ያዙ፤ አቤት ማለት ልመና አይደለም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 አቤቱታ ማቅረብን መብት ብሎታል፣ አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አንገት ደፍቶ መግባት አያስፈልግም።

ወረቀቱ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፣ ጉዳዩም አንድ ይሁን። መብራቱንም ውሃውንም አንድ ላይ ካጨቃችሁት ሁሉም «የእኔ ክፍል አይደለም» ይላችኋል። «ጉዳዩ፦ ክዳኑ የተሰበረ የጎርፍ ቦይ እንዲጠገን ስለመጠየቅ» ብላችሁ ጀምሩ። «ሕዝቡ ተማሯል» ብሎ መጻፍ ማንንም ከወንበሩ አያስነሳም። ቦታው የት ጋ እንደሆነ፣ ስንት ሜትር ክፍት እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ማን እንደተጎዳ፣ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ ጻፉ። ግርጌው ላይ «ግልባጭ፦ ለክፍለ ከተማው» የምትለዋን አትርሱ።

ከዚያ ቤት ለቤት ዞራችሁ ስም፣ የቤት ቁጥርና ፊርማ ሰብስቡ። አንዲት እናት «እኔ መጻፍ አልችልም ልጄ» ብለውኝ ነበር። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተን ከስማቸው ጎን አሻራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ሲያዩት ነበር።

ዋናው ነገር መዝገብ ቤት ነው። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ገቢ አስደርጉ፣ ሌላው ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም አስመቱ። «እዚህ አስቀምጡት፣ እሰጥላችኋለሁ» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ፤ የእኛ የመጀመሪያው ወረቀት እንደዚያ ነው የጠፋው።

በሁለት ሳምንት ተመለሱና «ለማን ተመራ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ከተባላችሁ ቀጠሮ ያዙ። በጀት የለም ከተባለ ዕቅዱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ አዋጅ 590/2000 ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ቀበሌው ዝም ካለ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ከተማ አስተዳደሩ ውጡ። ያም ካልሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፣ ክፍያ አይጠይቅም። አስቀድማችሁ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማመልከታችሁን ስለሚጠይቃችሁ ያቺ ማኅተም ያረፈባት ኮፒ እዚያም ታስፈልጋለች።

የእኛ ቦይ ሁለት ወር ፈጀ። አራት የሲሚንቶ ክዳን መጣ። አንዱ ከአሁኑ ተሰንጥቋል፤ ማመልከቻው ተጽፏል፣ ፊርማ እያሰባሰብን ነው።