ጣልያን አገር ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች

ቦሎኛ ውስጥ በአንድ የግል የቋንቋ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምሬያለሁ። ሐበሻ ጣልያን ሲገባ ብዙ ነገር የሚያውቅ ይመስለዋል። ማኪያቶ፣ ፒያሳ፣ ጎሚስታ፣ ቻው፤ ቃሉ ሁሉ ከቤት የለመደው ነው። ስህተቱም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

«ቻው» ለሁሉም ማለት

እኛ ዘንድ ቻው ስንብት ነው፤ ለአለቃም ለጎረቤትም እንለዋለን። እዚያ ለሰላምታም ለስንብትም ይሆናል፤ የሚባለው ግን አንተ ወይም አንቺ ለምትሉት ሰው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከኃላፊያችን ቢሮ ስወጣ «ቻው» አልኳቸው። በዕድሜ እናቴን የሚበልጡ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ቀና ብለው አዩኝና ረጋ ብለው «አሪቬደርቺ» አሉኝ። ገባኝ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት «ቦንጆርኖ»፣ መሸት ሲል «ቦናሴራ»፣ ስወጣ «አሪቬደርቺ» ሆነ።

አንቱታቸው «ሌይ» ነው። ቃሉ «እሷ» ማለትም ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ያደናግራል። አከራዬ «ሌይ ኮሜ ስታ?» ሲሉኝ የየትኛዋን ሴት ጤንነት እንደሚጠይቁኝ ግራ ገብቶኝ ነበር። ለካ የእኔን ነው። አንቱ እያለ ላደገ ሰው ይህ አይከብድም። አንተ እንባባል የሚለው ሐሳብ ከትልቁ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ነው።

5ን ማለፊያ ማድረግ

ይህ እስካሁን ይቆጨኛል። በሳምንት ሁለት ቀን ከ11 እስከ 14 ዓመት የሆኑ ልጆች ወደሚማሩበት ትምህርት ቤት እላክ ነበር። አንዲት ልጅ ፈተና ላይ ከ10 አምስት አገኘች። ግማሹን አግኝታለች፣ አልፋለች ብዬ ከጎኑ «ጎበዝ» ብዬ ጻፍኩላት። ወረቀቱን አየችው፣ አራት ቦታ አጠፈችው፣ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እዚያ ማለፊያው 6 ነው፤ 5 መውደቅ ነው። ለወደቀች ልጅ «ጎበዝ» ማለት ምን ያህል እንደሚያም አስቡት። በማግስቱ ይቅርታ ጠይቄያት እንደገና ፈተንኳት። ዩኒቨርሲቲ የምታስተምሩ ከሆነ ደግሞ ነጥቡ ከ30 ነው፤ ማለፊያው 18።

ሌላም አለ። ጣልያንኛ ውስጥ «ኤች» ፊደል ድምፅ የለውም። ስለዚህ «ሀንግሪ» እና «አንግሪ» አንድ ይሆኑባቸዋል፤ የራበው ተማሪ ተናደድኩ ይላችኋል። እኛ «ሀ»ን ስለለመድናት ችግሩ አይታየንም። በየቃሉ አታቋርጧቸው። ዓረፍተ ነገሩን ጨርሰው ይተንፍሱ፣ ከዚያ ይታረማል።

ስለ ክረምቱ ሳይጠይቁ መፈረም

የግል ቋንቋ ትምህርት ቤቶች ብዙ ጊዜ በሰዓት ነው የሚከፍሉት፤ ሥራው መስከረም ወይም ጥቅምት ላይ ተጀምሮ ሰኔ ላይ ያበቃል። ነሐሴ ላይማ ከተማው ራሱ ይዘጋል። ከመፈረማችሁ በፊት የክረምቱን ኪራይ በምን እንደምትከፍሉ አስሉ።

የመኖሪያ ፈቃዱን ማዘግየት

ከገባችሁ በ8 የሥራ ቀናት ውስጥ «ፔርሜሶ ዲ ሶጆርኖ» ማመልከት አለባችሁ። ቅጹ ፖስታ ቤት ይገኛል። ደረሰኙን እንደ ፓስፖርታችሁ ጠብቁት፤ ካርዱ እስኪወጣ ወራት ሊፈጅ ይችላል። በደረሰኙ ብቻ ወደ ሌላ የሼንገን አገር መሻገር ግን አይቻልም። ለእረፍት አገር ቤት የምትገቡ ከሆነ ከሮም ቀጥታ አዲስ አበባ የሚሄደውን በረራ ያዙ እንጂ፣ ረከሰ ብላችሁ በፍራንክፈርት አትዙሩ።

ባቡር ላይ ዝም ብሎ መውጣት

የክልል ባቡር የወረቀት ትኬት ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ማሽን መመታት አለበት። ካልተመታ ገንዘብ ብትከፍሉም ቅጣት አለ። «ሾፔሮ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ የሥራ ማቆም አድማ ነው። በሥራ ቀን ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ማታም ከ12 እስከ 3 ሰዓት የግድ የሚንቀሳቀሱ የክልል ባቡሮች አሉ። ከከተማ ውጭ ክፍል ያለኝ ቀን 12 ሰዓት ላይ ጣቢያ ደርሼ፣ ባንኮኒው ጋ ቆሜ ማኪያቶዬን እጠጣ ነበር። የእነሱ ማኪያቶ በሁለት ጉንጭ ያልቃል።