ፀረ ባክቴሪያ ከመጀመሩ በፊት ካልቸር እንዴት ይሰጣል፦ ጅማ ለምታስታምሙ

ከአጋሮም ከሊሙም ከሰቃም በሽተኛ ይዛችሁ ጅማ ስትገቡ "መድኃኒት ጀምሯል ወይ" ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ፣ ብዙ ሰው ደግሞ እንዳይቆጡት ፈርቶ የለም ይላል። እባካችሁ አትደብቁ። ፋርማሲ የገዛችሁት አሞክሲሲሊንም ይሁን ጤና ጣቢያ የተወጋው ሴፍትሪያክሶን ባዶ ፓኬቱን ይዛችሁ ኑ፣ ምክንያቱም ካልቸር ማለት ከደም፣ ከሽንት ወይ ከሌላ ናሙና ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ላይ አሳድጎ መለየት ነው፣ መድኃኒቱ ቀድሞ ከገባ ባክቴሪያው ላያድግ ይችላል፣ ወረቀቱ ምንም አልተገኘም ይላል ሰውየው ግን ታሞ ተኝቷል።

መርፌ ሲታዘዝ "ዶክተር፣ መርፌው ከመጀመሩ በፊት ካልቸር ይወሰድ ይሆን?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ነውር የለውም። ለሁሉም አያስፈልግም፣ ጉንፋን ፀረ ባክቴሪያውንም አይፈልግም። ኢንፌክሽኑ ደም ውስጥ ገብቷል ተብሎ ሲጠረጠር፣ ማጅራት ገትር ሲሆን፣ የሽንት ኢንፌክሽን ሲመላለስ፣ የኦፕራሲዮን ቁስል ሲመግል ግን ወሳኝ ነው። በሽተኛው ራሱን እየሳተ ወይ የደም ግፊቱ እየወረደ ከሆነ ደሙ ቶሎ ተቀድቶ መድኃኒቱ በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ናሙና እየተባለ መቆየት የለም።

ደሙ ላይ ልቆይ፣ ብዙ የሚበላሸው እዚህ ነው። ለአዋቂ ከሁለት የተለያየ ቦታ፣ ለምሳሌ ከቀኝና ከግራ ክንድ ይቀዳል፣ ለአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር። ደሙን ጨረሱት ብላችሁ አትከልክሉ፣ ትንሽ ከሆነ ባክቴሪያው ላይገኝ ይችላል (ለሕፃን በኪሎው ነው፣ በጣም ያንሳል)። ቆዳው በአልኮል ወይ በክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ ፈሳሽ ነው) ተጠርጎ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ ከዛ በኋላ ቦታውን በጣት መልሶ መዳበስ የለም፣ የጠርሙሱ የጎማ ክዳንም በአልኮል ይጠረጋል። ይሄ ካልተደረገ ቆዳ ላይ የሚኖረው ባክቴሪያ ጠርሙሱ ውስጥ ያድግና በሽተኛው ለሌለበት በሽታ መድኃኒት ይታዘዝለታል። ከተተከለ ከቆየ ካኑላ (መድኃኒት የሚሰጥበት፣ ደም ሥር ውስጥ የሚቀር ቀጭን ቱቦ) መቅዳትም ጥሩ አይደለም።

ሽንት ከሆነ ታጥባችሁ የመጀመሪያውን ልቀቁት፣ መሀለኛውን ንፁህ ዕቃ ውስጥ ያዙ፣ የክዳኑን ውስጥ አትንኩ። አክታ ሲባል ምራቅ አይደለም፣ ጠዋት አፍ በውኃ ተጉመጥምጦ ከደረት በሳል የሚወጣው ነው።

ዕቃው ላይ እዛው አልጋው ጋ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ቀንና ሰዓት ይጻፍ፣ ሰዓቱ በሀበሻ ይሁን በፈረንጅ ግልጽ ይሁን። አድርሱ ከተባላችሁ ሽንት ይዛችሁ ሒሳብ ክፍል ሰልፍ አትቁሙ፣ አንዱ ይክፈል ሌላው ላብራቶሪ ይሩጥ። ሽንት በ1 ሰዓት ውስጥ ካልደረሰ ፍሪጅ ይገባል፣ የደም ጠርሙስ ግን በጭራሽ ፍሪጅ አይገባም።

ከዛ ውጤቱን ተከታተሉ፣ ስንቱ ወረቀት የሚወስደው አጥቶ ላብራቶሪ ይቀራል። አብዛኛው በ2 ወይ በ3 ቀን ይደርሳል፣ ደም እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ወረቀቱ ላይ ኤስ (S) የተባለው መድኃኒት ይሠራል፣ አር (R) የተባለውን ባክቴሪያው ተለማምዶታል። 48 ሰዓት ሲያልፍ "ዶክተር፣ የካልቸሩ ውጤት ታየ?" በሉ፣ በሱ መሠረት መድኃኒቱ ሊቀየር፣ ወደ ቀላሉ ሊወርድ ወይ ሊቆም ይችላል። ውጤቱ ሳይደርስ ከወጣችሁ የሚሠራ ስልክ ቁጥር ትታችሁ ሂዱ፣ ሲደርስም ወረቀቱን ፎቶ አንስታችሁ ለቀጠሮ ያዙት።