ሂቢስከስን ከደሴ ውርጭ ማሻገር

ደሴ ላይ ለሂቢስከስ፣ ትልልቅ አበባ ለሚያወጣው የጓሮ ተክል፣ አደገኛው ወቅት ክረምት አይደለም፤ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ብርድ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬቱ ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ያጣል፤ ከጦሳ ተራራ ተዳፋት የሚወርደው ቀዝቃዛ አየርም ጎድጎድ ያለ ጓሮ ውስጥ ይተኛል። ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል እዚያ ጭንቀቱ ቀለል ይላል።

መጀመሪያ ዝርያውን ለዩ። ዓመቱን ሙሉ ለምለም የሆነው፣ ቅጠሉ የሚያብረቀርቀው የሞቃት አገር ነው፤ ከ10 ዲግሪ በታች ማደጉን ያቆማል፣ እምቡጡን ያረግፋል፣ ውርጭ ሲነካው ይጠቁራል። ሳህን የሚያክል አበባ የሚያወጣው የሰሜን አሜሪካው ዝርያ ግን ብርድ ቻይ ነው። ግንዱ እስከ መሬት ቢደርቅም ሥሩ በሕይወት ይቆያል። የደረቀውን ከመሬት 10 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡት፤ ለማቆጥቆጥ ስለሚዘገይ ሞቷል ብላችሁ አትንቀሉት።

ለሞቃት አገሩ ዝግጅቱ ከመስከረም ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ ዩሪያም መግረዝም ይቅር፤ ሁለቱም ለጋ ቀንበጥ ያስወጣሉ፣ ውርጭ ደግሞ አስቀድሞ የሚያቃጥለው ለጋውን ነው። ጥቅምት መጨረሻ ላይ በግንዱ ዙሪያ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጭድ ጎዝጉዙ። ግንዱን ከነካው ያበሰብሰዋልና አራት ጣት ያህል ይራቅ። ከዚያ ውጭ ያለውን አፈር ግን አትሸፍኑት፤ የሌሊቱ ሙቀት የሚመጣው ከእሱ ነው።

ውሃ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ አጠጡ። እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ማታ ማጠጣት ግን ቅጠሉን ያረጥባል፣ ያቀዘቅዘዋልም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አሸፋፈኑ ላይ ነው። ማዳበሪያ ጆንያ ከላይ አጥልቆ ግንዱ ላይ ማሰር አይረዳም፤ ከአፈር የሚወጣውን ሙቀት ውጭ ያስቀረዋል። ከተክሉ አንድ ስንዝር የሚበልጡ አራት እንጨቶች ዙሪያውን ትከሉ፤ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም አንሶላ ጣሉበት። ጫፉ አራቱንም ጎን መሬት ይንካ፣ በድንጋይም ይጫን። ላስቲክ ብቻ ካላችሁ ቅጠሉን እንዳይነካ ተጠንቀቁ፤ የነካው ቅጠል በማግስቱ ጠቁሮ ይገኛል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ግለጡት፤ በተለይ ላስቲክ ከሆነ ፀሐይ ሲበረታ ተክሉን ይቀቅለዋል።

በዕቃ የተተከለ ከሆነ በረንዳ ላይ ግድግዳ አስጠግታችሁ አኑሩት፤ የዕቃው አፈር ከመሬቱ ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። የላይኛው ሁለት ጣት አፈር ሲደርቅ ብቻ አጠጡ። ቀዝቃዛና ጨቅይቶ የሚውል አፈር ሥሩን ያበሰብሳል። ከቅጠሉ ጀርባ ክሽክሽ (ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ካያችሁ በሳሙና ውሃ እጠቡ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ቢጠቁር መቀስ አታንሱ። የሞተው ቅርንጫፍ ከስሩ ላለው ከለላ ነው። በየካቲት መጨረሻ፣ በበልጉ ወቅት፣ ከጫፍ ጀምራችሁ ቅርፊቱን በጥፍር ጫር ጫር አድርጉ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች ውረዱ፤ አረንጓዴና እርጥብ ሲሆን ቁሙ። አረንጓዴው ክፍል ላይ፣ ጤነኛ ዓይን (ቀንበጥ የሚወጣበት እብጠት) ካለበት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። ግንዱ ሁሉ ቡናማ ቢሆንም እስከ ግንቦት ታገሡት፤ ጭዱ ሥሩን ካዳነው ከመሬት አቅራቢያ ያቆጠቁጣል።