የአዋሽ ዳር ደለል አፈር ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤው፣ መፍትሄው

አዋሽ ከደጋ አጥቦ ያመጣውን አፈር በአፋር ሜዳ ላይ ሲያነጥፍ ኖሯል። ከአሚባራና ከመልካ ወረር እስከ ዱብቲና አሳይታ ድረስ ወንዙን ተከትሎ ያለው ሜዳ የዚህ ጎርፍ ሥራ ነው፤ በብዙ ቦታ ሁለት ሦስት ሜትር ቢቆፍሩ ድንጋይ አያገኙም። ዙሪያው ደረቅና ኮረታማ የግጦሽ ምድር ስለሆነ ይህ ጥልቅ ደለል ለአርብቶ አደሩ የበጋ መጠጊያ፣ ለጥጥና ለስንዴ አምራቹም ሀብት ነው። ለምነቱ አያጠያይቅም። ሆኖም ነጭ ሆኖ የተተወ ማሳ፣ ውሃ የማይጠጣ መሬት፣ ሣር የከዳው ገላጣ በዚሁ ሜዳ ላይ ሞልቷል።

በዚህ አፈር ላይ ገንዘብ የሚባክነው ላይ የታየውን ምልክት ላይ በላዩ ለማከም ሲሞከር ነው። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሜትር በታች ይገኛል። ስለዚህ ማዳበሪያም ሆነ ጅፕሰም (ሶዲየምን ከአፈር የሚያስለቅቅ የካልሲየም ማዕድን) ከመግዛትዎ በፊት ይቆፍሩ።

መጀመሪያ ጉድጓዱ

ሰብሉ ካማረበት ቦታ አንድ፣ ከተጎዳበት ቦታ አንድ ጉድጓድ ይቆፈር፤ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ተኩል ይሁን። ግድግዳውን በቢላዋ ፋቅ ፋቅ ያድርጉትና ከላይ ወደ ታች ይመልከቱ። የየዘመኑ ጎርፍ ንጣፍ በንጣፍ ተደራርቦ ይታያል፦ እዚህ ጋ ጥቁር ሸክላ፣ ከሥሩ ደቃቅ ደለል፣ ከዚያ አንድ ስንዝር አሸዋ፣ ከዚያ እንደገና ሸክላ። ሥሩ የት ላይ እንደቆመና ወደ ጎን እንደታጠፈ ልብ ይበሉ። ግራጫ መደብ ላይ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ካዩ በዚያ ጥልቀት ውሃ ተኝቶ ይከርማል ማለት ነው። ጉድጓዱን አሳድረው ጠዋት ይዩት፤ ታችኛው ክፍል ውሃ ካቆረ ግማሹን መልስ አግኝተዋል።

ናሙና ሲወስዱ ከ0 እስከ 30፣ ከ30 እስከ 60 እና ከ60 እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ያለውን ለየብቻው በየከረጢቱ ያድርጉ። የተደባለቀ ናሙና ጨው ከየት እንደሚመጣ አይነግርም። ከብትና ልጅ እንዳይገባበት ጉድጓዱን አጥረው፣ ሲጨርሱ ይድፈኑት።

የመደቡ አናት ነጣ፣ ሰብሉም በየቦታው ተቃጠለ

ውሃ ካጠጡ ከጥቂት ቀናት በኋላ ፈሩ ገና እርጥብ ሆኖ ሳለ የመደቡ አናት ይነጣል። በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። የቅጠሉ ጫፍ እየተቃጠለ ይደርቃል፤ ቡቃያው እርጥበት ላይ ቆሞ የተጠማ ይመስላል። ሰውም እውነት ውሃ ያነሰው መስሎት ይጨምርለታል። ነገሩ የሚባባሰው እዚህ ላይ ነው።

መልካ ወረር አካባቢ በዓመት የሚዘንበው 550 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ፀሐይና ነፋስ ሊያተኑ የሚችሉት ግን ከ2000 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። የመስኖ ውሃ ጨው ይዞ ይገባል፤ የሚተነው ግን ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጨው ይቀራል። ከዚህም የሚብሰው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። ማሳው የሚወጣበት ማጠንፈፊያ ሳይኖረው በየዓመቱ ሲጠጣ ከሥር ያለው ውሃ እያደገ ይመጣል። ላዩ ሊደርስ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ሲቀረው በደቃቁ ደለል ውስጥ እንደ ኩራዝ ክር እየተሳበ ይወጣና ጨውን አናት ላይ ጥሎ ይተናል። በመልካ ሰዲና በአሚባራ የሆነው ይኸው ነው። ሰፋፊዎቹ የጥጥ እርሻዎች ሲጀመሩ ጥልቅ የነበረው የከርሰ ምድር ውሃ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ወደ ሥር ቀጠና ወጣ፤ ብዙ መሬትም በጨው ምክንያት ተተወ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከመሬት በታች የሚቀበር የማጠንፈፊያ ቧንቧ በአካባቢው የተዘረጋው ይህን ለመመለስ ነበር።

ማረጋገጫው የላቦራቶሪው የኢሲ ውጤት ነው፤ ኢሲ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ አቅም የጨውን መጠን የሚያሳይ ልኬት ነው። በአፈር ልቁጥ (ውሃ እስኪጠግብ በተለወሰ አፈር) የተለካው ከ4 ዴሲሲመንስ በሜትር ከበለጠ አፈሩ ጨዋማ ይባላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ አንዳንድ ላቦራቶሪ አንድ እጅ አፈር በአምስት እጅ ውሃ በጥብጦ ይለካል፤ በዚህ መንገድ የሚወጣው ቁጥር በጣም ያነሰ ነው። ለሸክላማ አፈር በልቁጥ ከሚለካው ጋር ለማወዳደር ከ6 እስከ 9 ጊዜ ማባዛት ያስፈልጋል። በየትኛው ዘዴ እንደተለካ ሳይጠይቁ «ደህና ነው» ብለው አይመለሱ።

መፍትሄው ቅደም ተከተል አለው፤ ቅደም ተከተሉም ሊገለበጥ አይገባም። መጀመሪያ ውሃው የሚወጣበት መንገድ ይበጅ። ነባር ማጠንፈፊያ ቦይ ካለ በደለልና በደንገል ተደፍኖ ይሆናልና ይጠረግ፤ ከሌለ ሁለት ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ቦይ ወይም የሚቀበር ቧንቧ ያስፈልጋል። ይህ የአንድ ማሳ ሥራ ሳይሆን የቦይ ተጋሪዎች ሁሉ ሥራ ነው፤ የአንዱ መውጫ በሌላው ማሳ በኩል ያልፋልና።

ከዚያ በኋላ ማጠብ። መሬቱ በደንብ ከተስተካከለ በኋላ ውሃ ይታቆርበታል። በልምድ የተያዘው ስሌት 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ ካለፈ ከጨው አምስት እጅ አራቱን ያህል ይዞ ይወርዳል የሚል ነው። ለ60 ሴንቲ ሜትር የሥር ቀጠና በሄክታር 6000 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ውሃውን በአንዴ ከመልቀቅ ከፋፍሎ፣ እስኪሰርግ እየጠበቁ መልቀቅ ውሃ ይቆጥባል። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ቀዝቀዝ ያለ ወቅት ከሞቃቱ ይሻላል። መውጫ በሌለው ማሳ ላይ ማጠብ ግን የከርሰ ምድሩን ውሃ ከፍ ከማድረግ በቀር ጥቅም የለውም።

እስኪታጠብ ድረስ አፈሩ የሚችለውን ይዝሩ። በልቁጥ የተለካው ኢሲ ለሽንኩርት 1.2፣ ለበቆሎ 1.7፣ ለቲማቲም 2.5 ላይ ሲደርስ ምርታቸው መቀነስ ይጀምራል። ስንዴ እስከ 6፣ ማሽላ 6.8፣ ጥጥ 7.7፣ ገብስ ደግሞ 8 ድረስ ይችላሉ። ሆኖም ቻይ የሚባለውም ሰብል ሲበቅል ስስ ነው። ስለዚህ ዘሩን ጨው ከሚሰበሰብበት ከመደቡ አናት ላይ ሳይሆን ጎኑ ላይ፣ ከውሃው መስመር ትንሽ ከፍ አድርገው ይዝሩት። በዚህች ብቻ ብዙ ቡቃያ ይድናል።

ውሃ ላዩ ላይ ተኝቶ ይከርማል፣ ሲደርቅም ድንጋይ ይሆናል

ይህ ከላይኛው ጋር ይምታታል፤ ሕክምናው ግን ሌላ ነው። እዚህ ችግሩ የጨው ብዛት ሳይሆን የሶዲየም መብዛት ነው። ሶዲየም የሸክላውን ደቃቅ ቅንጣት ይበታትናል፤ የተበተነው ሸክላ ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል። ላዩ አንዳንዴ ነጭ ሳይሆን ጥቁር ቅባት የተቀባ ይመስላል፤ ብስባሹ ሟሙቶ ወጥቶ ነው። ፒኤቹም (የአፈሩ አሲዳማነት ወይም አልካሊነት ልኬት) ብዙ ጊዜ ከ8.5 ይበልጣል።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ፈተና አለ። ከየጥልቀቱ ሽምብራ የሚያህል ደረቅ ጓል ወስደው በብርጭቆ ባለ የዝናብ ውሃ ወይም ንጹሕ የባትሪ ውሃ (አሲዱ ሳይሆን የተጣራው ውሃ) ውስጥ ቀስ ብለው ያስቀምጡ። አይነካካ፣ አይበጥበጥ። ሁለት ሰዓት ይቆይ። ጓሉ ፈርሶ ውሃው ጥርት ብሎ ከቀረ የተጎዳው የአፈሩ አያያዝ ነው፤ ፍግና ቅሪት ይበቃዋል። በጓሉ ዙሪያ ነጣ ያለ ደፍራሳ ውሃ ከተነሣ ግን ሶዲየም አለ። የቧንቧ ወይም የወንዝ ውሃ አይጠቀሙ፤ በውስጡ ያለው ማዕድን መበተኑን ይደብቃል።

ማስጠንቀቂያም አለኝ። ጨውም ሶዲየምም የበዛበት አፈር በዚህ ፈተና ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ ጨው ራሱ ሸክላውን ይዞት ነው። እንዲህ ያለውን መሬት ያለ ጅፕሰም ካጠቡት ጨው ይሄድና ሶዲየም ይቀራል፤ ማሳውም ከበፊቱ የባሰ ይደፈናል። ስለዚህ ማጠብ ከመጀመርዎ በፊት ላቦራቶሪው የሚለዋወጥ ሶዲየምን እንዲለካ ይጠይቁ፤ ሸክላው ከያዛቸው ተለዋዋጭ ማዕድናት ውስጥ ሶዲየሙ 15 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ጅፕሰም ይቅደም።

መጠኑ ከላቦራቶሪ ውጤት ይሰላል፦ በ100 ግራም አፈር ውስጥ ካለው ሶዲየም አንድ ሚሊኢኩቫለንት (ላቦራቶሪው ውጤቱን የሚጽፍበት መለኪያ) ለመተካት ለላይኛው 30 ሴንቲ ሜትር በሄክታር 40 ኩንታል ገደማ ንጹሕ ጅፕሰም ይፈልጋል። በደንብ የተፈጨውን በትነው ከላይኛው አፈር ጋር ያቀላቅሉትና ውሃ ይከተለው፤ ጅፕሰም ቀስ ብሎ የሚሟሟ ነውና ደረቅ መሬት ላይ አይሠራም። አፈሩ ላይ አቼቶ ሲያንጠባጥቡ አረፋ ካወጣ ኖራ በውስጡ አለ ማለት ነው። ያኔ ፍግና እንደ ሮደስ ያለ ሥሩ የበዛ ሣር ያንን ኖራ እያሟሙ ሶዲየሙን ለማስወጣት ያግዛሉ፤ ጊዜ ቢፈልጉም ዋጋቸው ትንሽ ነው።

የመስኖ ውሃውንም ያስለኩ። መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ውሃ ጨዋማና ሶዲየም የበዛበት ነው። ስፋቱ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ከ40 በላይ ሆኖ ስላስቸገረ ውሃው ወደ አዋሽ እንዲለቀቅ ተደርጓል። ከታች ሆኖ ከወንዙ የሚጠጣ እርሻ ወንዙ ሲጎድል የውሃውን ኢሲ ቢለካ ይበጀዋል፤ የክረምቱ ሙላት ልኬት የበጋውን አይወክልም።

መሬቱ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል

ይህ በሽታ አይደለም። ከወንዙ ራቅ ብሎ፣ የጎርፉ ውሃ ረግቶ በሚቆምበት ዝቅተኛ ሜዳ የሚተኛው ዋልካ ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የሚጎዳው ጊዜውን አለማወቅ ነው። በደረቀ ማሳ ላይ የሚለቀቀው የመጀመሪያ ውሃ በስንጥቁ ወደ ታች ይገባል፤ ስንጥቁ ሲገጥም ደግሞ መስረጉ ያቆም ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት፣ ስንጥቁ ሳይሰፋ ማጠጣት ይሻላል።

ለማረስ ከማረሻው ጥልቀት አፈር ያንሡና በመዳፍዎ መካከል ያድቦልቡሉት። እንደ ክር እየቀጠነ ከሄደ ገና እርጥብ ነው፤ አሁን ቢታረስ ከሥር ጠፍጣፋ ጠንካራ ንጣፍ ይሠራል። እየቀጠነ ሲሄድ ከተቆራረጠ ዛሬ ይታረስ። ከብትም በእርጥብ ዋልካ ላይ አይለቀቅ።

በአንድ ማሳ ውስጥ ግማሹ ደርቆ ግማሹ ይጨቀያል

የጎርፍ ንጣፍ ሥራ ነው። ወንዙ ዳር ከፍ ያለው ጠርዝ አሸዋማ፣ ራቅ ያለው ሸክላማ ነው፤ የድሮ የወንዝ መሄጃ ደግሞ በመካከል ያልፋል። ጉድጓዱ ውስጥ ከሸክላ ሥር ድንገት አሸዋ ካዩ፣ ውሃው ሸክላው እስኪጠግብ ድረስ ወደ አሸዋው አይወርድም፤ ሥሩም እዚያው ይታፈናል። ማሳውን በአፈሩ ዓይነት ይከፋፍሉትና አሸዋማውን ቶሎ ቶሎ በጥቂቱ፣ ሸክላማውን ከእሱ ረዘም ባለ ልዩነት፣ ስንጥቁ ሳይሰፋ ያጠጡ። ንጣፉ ከ60 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ጥልቀት ላይ ካለ መሬቱ ደረቅ ሳለ በጥልቅ ማረሻ መስበር ይቻላል፤ ሶዲየም ያለበት ከሆነ ግን ጅፕሰም ሳይጨመር ተመልሶ ይገጥማል።

የበቆሎው አዲስ ቅጠል ነጣ ባለ ሸንተረር ተዥጎረጎረ

በኖራማና ፒኤቹ ከፍ ባለ ደለል ውስጥ ዚንክና ብረት እያሉ ተክሉ አያገኛቸውም። የዚንክ ሰልፌት ርጭት ፈጥኖ ይደርሳል። የታችኛው አሮጌ ቅጠል ከሆነ ቢጫ የሆነው ናይትሮጅን ነው የጎደለው፤ ዩሪያ በዚህ አፈር ላይ ሜዳ ላይ ከተበተነ ወደ አየር ይበናል፣ አፈር ውስጥ ይቀበር።

ግጦሹ ገላጣ ሆነ፣ ዝናብ ቢጥልም አይበቅልም

አንዳንዱ ገላጣ የጨው ወይም የሶዲየም ነው፤ ከላይ ባሉት ፈተናዎች ይለያል። ብዙው ግን እርጥብ ሳለ በከብት ኮቴ የተጠቀጠቀና ላዩ በጠንካራ ቅርፊት የተሸፈነ ነው። ዘሩ ይመጣል፣ ነፋስ ይዞት ያልፋል፤ ዝናቡም እንደወረደ ይሄዳል። ጎርፍ እንዳይገባ የአፈር ግንብ የተሠራበት ሜዳ ደግሞ በየክረምቱ ያገኝ የነበረውን ውሃና ትኩስ ደለል አጥቷል። ሣሩ የቀነሰበትን ቦታ በሙሉ በከብት ብዛት ማሳበብ ትክክል አይመስለኝም።

ቅርፊቱን ይስበሩ፤ ቁልቁለቱን አቋርጦ ዝቅተኛ እርከን ወይም በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ውሃ የሚያቁር ክትር ይሠራ፤ የአካባቢው ሣር ዘር ይበተንና የሾህ ቅርንጫፍ ይልበስ። ቢያንስ አንድ የዝናብ ወቅት ተከልሎ ይቆይ። ክለላውን ከጎሳ መሪዎችና ከሽማግሌዎች ጋር ሳይስማሙ አይጀምሩ፤ ሜዳው ድርቅ ሲመጣ የሁሉም መሸሻ ነውና።

ፕሮሶፒስ የተባለው ወራሪ እሾሃማ ዛፍ የወረረው ከሆነ ከመሬት ገጽ ጋር እኩል መቁረጥ ዋጋ የለውም፤ ከግንዱ ሥር እንደገና ያቆጠቁጣል። ከአፈር በታች ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ተቆፍሮ ይቆረጥ። ፍሬውን የበላ ከብት ዘሩን በእበቱ ይዞ ስለሚመጣ፣ ከፍሬው አካባቢ የመጣ መንጋ ወደ ተጠረገው ቦታ ወዲያው አይግባ። የተጠረገ መሬት በዚያው ወቅት ካልተዘራ ወይም ሣር ካልለበሰ ቡቃያው ቀድሞ ይይዘዋል።

የቦዩ ግንብ ከውስጥ ተቦርቡሮ ተናደ

የአይጥ ጉድጓድ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚበተን የሶዲየም አፈር ነው። ውሃ በስንጥቅ ገብቶ ሸክላውን እየያዘ ይወጣል፣ ቀዳዳውም ይሰፋል። በአፈር ጠቅጥቆ መድፈን ለሳምንት ነው። የተቦረቦረው ክፍል እስከ መጨረሻው ተቆፍሮ ይከፈት፤ ጅፕሰም የተቀላቀለበት እርጥብ አፈር 15 ሴንቲ ሜትር በ15 ሴንቲ ሜትር እየተጠቀጠቀ ይሞላ። ቦዩም ለረዥም ጊዜ ደርቆ ከሰነበተ ውሃው በአንዴ ሞልቶ አይለቀቅ፤ ስንጥቁ እስኪገጥም በትንሽ ውሃ ይራስ።