የጭቃ ቤቱን አታፍኑት

ዘንድሮ ሦስተኛዬ ነው። ፒያሳ አካባቢ የድሮ ቤት ያለው ሰው ይደውልና «ቤቱ በረደን፣ በማሞቂያ የመብራት ሂሳብ አለቅን» ይለኛል። ሄጄ ግድግዳውን በመዳፌ እነካዋለሁ። ይቀዘቅዛል። ከውጭ በሲሚንቶ ተለስኗል።

እባካችሁ፣ የጭቃ ግድግዳ በሲሚንቶ አታስለስኑ! ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። ሲሚንቶ ያፍነዋል። ጭቃው ሲያብጥና ሲኮማተር ደረቁ ሲሚንቶ አብሮት ስለማይሄድ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው የክረምት ዝናብ መውጫ ያጣል። እርጥብ ግድግዳ ደግሞ ከደረቁ ይልቅ ሙቀት ቶሎ ያሳልፋል፤ ብርዱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ባለፈው ወር አንዱን ልስን በመዶሻ ሳነሳው ከጀርባው ያለው ጭቃ ትናንት የተቦካ ይመስል ነበር። ቋሚውን በሁለት ጣቴ ስጫነው ፈረሰ። የባሕር ዛፉን ማገር ምስጥ ጨርሶታል። እንዲህ ያለ ቤት በጭድ በተቦካ ጭቃ ይመረግ፣ ላዩ በኖራ ይለሰን። የፕላስቲክ ቀለምም አትቀቡት፤ ያው ያፍናል። ኖራ ቶሎ አይደርቅም፤ ታገሱት።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ሚስማር ከመምታታችሁ በፊት ፈቃድ አውጡ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያስገድዳል።

ሌላው ስህተት በረንዳን በአሉሚኒየምና በመስታወት መዝጋት ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ደቡብ ያየ በረንዳ ውስጥ ድረስ ትገባለች፤ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሰዋል። መስታወቱ ቀን ያፍናል፣ ማታ ይበርዳል፣ የእንጨት ጥልፉንም ይደብቃል።

የእንጨት መስኮትም ነቅላችሁ አትጣሉ። ብርድ የሚያስገባው ክፍተቱ ነው። ማጠፊያው ይስተካከል፣ ክፍተቱ ይደፈን፣ የእንጨት መዝጊያው ማታ ማታ ይዘጋ።

ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ ከኮርኒሱ በላይ ፋይበር ግላስ፣ ማለትም ሙቀት የሚይዘውን እንደ ጥጥ ያለ ንጣፍ፣ አስነጥፉ። በባዶ ቆርቆሮ ስር ማሞቂያ መለኮስ ሰማዩን ማሞቅ ነው።

የመጨረሻውን ስህተት እኔም ሠርቻለሁ። በጣውላ ወለል ስር፣ ከድንጋዩ መሠረት ላይ፣ እርጥበት የሚያስወጡ ትንንሽ የአየር ቀዳዳዎች አሉ። ሥራ እንደጀመርኩ አንዲት እናት «ልጄ፣ ብርዱ በእግሬ ገባ» ቢሉኝ ሁሉንም ደፈንኩላቸው። በሁለተኛው ክረምት ወለሉ በስብሶ አልጋቸው ስር ተሰበረ። ጣውላውን በራሴ ወጪ ቀየርኩ። ቀዳዳዎቹን ከፍቼ አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ አደረግሁባቸው። ለእግራቸው ወፍራም ምንጣፍ በቂ ነበር።